የወንድሜን ጣቶች የሰበረው ትንፋሽ

ይህን የምጽፈው ሰው ስለመታሁ ነው። የመታሁት በትልቁ መዶሻ ነው፤ የተመታው ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ስለ ሕመሜ ሐኪሞች የጻፉት ወረቀት ፌስታል ሙሉ ቤቴ አለ፤ አንዱም ላይ ግን ይህ ነገር የለም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ኮሮና ይዞት ከለቀቀው በኋላ ትንፋሽ እያጠረው ለማንም ሳይናገር የሚሠራ ሰው ካለ ያንብበው። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ ቃሌ ቢሻክር ይታገሠኝ።

ሥራችንን ካላስረዳሁ ነገሩ አይገባም። ቀጨኔ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከአባታችን የወረስነው ብረት መቀጥቀጫ አለን። ከባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናን ክብደት ከሥር ከሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ዶማና መጥረቢያ እናወጣለን። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ጋሼ ብረቱ የሚቀጠቀጥበት ሰንዳን ሥር ይቀመጣል። በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዛል፤ በቀኝ እጁ ትንሿን መዶሻ። እኔ ቆሜ ትልቁን አነሣለሁ። እሱ በትንሿ የነካውን ቦታ እኔ እመታለሁ፤ ይነካል፣ እመታለሁ፣ ይነካል፣ እመታለሁ። ትንሿን መዶሻ ብረቱን ትቶ ባዶው ሰንዳን ላይ ኳ ካደረጋት አቁም ማለት ነው። ከዚያ ትንሿን መጥረጊያ አንሥቶ ሰንዳኑ ላይ የተራገፈውን የብረት ቅርፊት ይጠርጋል። በመሃል አንድ ቃል አንነጋገርም።

የሚመታ ሰው አቁም አይልም። አቁም የሚለው ጉጠት የያዘው ብቻ ነው። አባታችንም ከአጎታችን ጋር እንዲሁ ነበር የሚሠራው። መቺ ሆኖ ደከመኝ ያለ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ይሥቅበታል። እኔም በልጅነቴ ስንቱ ላይ ሥቄአለሁ።

ኮሮናው መጀመሪያ የያዘው ባለቤቴን ትዕግስትን ነው። እሷን ባራተኛው ቀን ለቀቃት። እኔን ግን አሥር ቀን ሙሉ ሲቀጠቅጠኝ ከረመ። አጥንቴ ተለያየ፤ የሽንኩርት ሽታ እንኳን ጠፋብኝ። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ያልጠጣሁት የለም። በመጨረሻ ትኩሳቱ ለቀቀኝና ሥራ ገባሁ። አለቀ ብዬ ነበር።

ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ኩንታል ከሰል ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ ተቆረጠ። አጠረኝ አላልኩም፤ ተቆረጠ። አየሩ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ አልገባም አለ። ከሰሉን ጥዬ የሰው አጥር ያዝኩ። አንዲት ሴትዮ «ምነው?» ስትለኝ «አደናቀፈኝ» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስዋሽ ከረምኩ። ስመታ ያጥረኛል፤ ለጋሼ ግን አልናገርም። ጭስ ገባብኝ እያልኩ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ማታ ስተኛ ደረቴ ላይ ሰው የተንበረከከብኝ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ትዕግስት «ምን ሆንክ?» ስትለኝ እቆጣለሁ። መቆጣት ደግሞ የባሰ ያሳጥረኛል።

በድብቅ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርኩ። የመጀመሪያው ደሜን አይቶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ፤ ሁለቱንም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ምንም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለኝ። እኔ ስለ ደረቴ እየነገርኩት እሱ «በርበሬ ቀንስ» ይለኛል። ጠረጴዛውን በእግሬ ገፍቼው ወጣሁ። ሦስተኛዋ አስም ነው ብላ አፍ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠችኝ። እሱን ዳገቱ ላይ ቆሜ ነፋሁት፣ ደግሜ ነፋሁት፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። አንድ ክሊኒክ ሌላው የሰጠኝን ወረቀት ገልጦ አያይም፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

በመጨረሻ ሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብዬ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ ቦታ ለአክታ ምርመራ ተላክሁ። እዚያ አግዳሚው ላይ ስስል አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተነሥቼ ኮሌታውን አነቅሁት። «በሽታ ነኝ? እኔ በሽታ ነኝ?» እያልኩ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ሰው ሁሉ ጮኸ። ከዚያ በያዝኩት ኮሌታ ላይ ትንፋሼ ጥሎኝ ሄደ፤ ጉልበቴ ታጠፈና ሰውዬው ላይ ተንጠለጠልኩ። እሱ ምን አደረገ? ቀስ አድርጎ አስቀመጠኝ። የራሱን ውኃ ከፍቶ አፌ ላይ ያዘልኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ፈርቼ ነው» አለኝ። ስሙን እንኳን አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አክታው ንጹሕ ሆነ። ራጁም ንጹሕ። «ሳንባህ የወጣት ሳንባ ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ተባልኩ። ወረቀቱን ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። ያ ወረቀት በኋላ በራሴ ላይ እንደሚመሰክርብኝ አላወቅሁም።

በዚህ መሃል ሥራ ዘገየ። ከሸጎሌ የመጣ አንድ ደንበኛ ያዘዘው መጥረቢያ በቀኑ አልደረሰለትም። በሩ ላይ ቆሞ ሲጮህ ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እሱን ጠይቀው። ሰንፏል። እጁ ለሥራ አይነሣም» አለ።

ሰነፍ! በሰው ፊት! ደሜ ፈላ። ያኔ «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው» ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን መዶሻውን ከፍ አድርጌ «በዚሁ መዶሻ ታገኛታለህ!» አልኩት። ደንበኛው ሰምቷል። ጎረቤትም ሰምቷል። በር ላይ የነበረችው የጋሼ ሚስት፣ እትዬ አስቴር፣ ከሁሉም በላይ ሰምታለች።

በማግሥቱ ጠዋት ተኳርፈን ሥራ ጀመርን። ሰነፍ አለመሆኔን ላሳየው ብዬ ከወትሮው አብልጬ መታሁ። ብረቱ ሲሳብ ይታየኛል፤ ደረቴ ሲዘጋም ይሰማኛል። ጆሮዬ ጭው አለ፤ ዓይኔ ዳር ዳሩ ጠቆረ። አላቆምኩም፤ አቁም ማለት የኔ አይደለማ። ጋሼ ባዶው ሰንዳን ላይ ኳ አድርጓል። እኔ አልሰማሁም። መጥረጊያውን አንሥቶ እጁን ሰንዳኑ ላይ ሰደደ፤ እኔ ደግሞ መዶሻውን አወረድኩ።

ድምፁ የብረት ድምፅ አልነበረም። ደሙ የጋለው ብረት ላይ ቸስ ብሎ ሲቃጠል ሸተተኝ፤ ከኮሮናው በኋላ በደንብ የሸተተኝ የመጀመሪያ ነገር ያ ነው። ጋሼ አልጮኸም። የተቀጠቀጡ ጣቶቹን አየ፤ ቀጥሎ እኔን ቀና ብሎ አየኝ።

«አደረግከው» አለ።

እኔ መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፤ አየር የለም። ደረቴ ተዘግቶብኝ ሳጣጥር ጎረቤት ገብቶ ጋሼን ተሸክሞት ወጣ።

ከሰዓት እትዬ አስቴር ቤቴ መጣች። እጁ የታሰረበትን ጨርቅ ፊቴ ላይ ወረወረችው። «ያው የወንድምህ ደም! ደስ ይበልህ! ታገኛታለህ ብለህ አልነበር? አገኛት!» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ፣ ሁለት ወር እንደሆነኝ፣ እንዳልሰማሁት። ማስረጃ ብዬም ያንን ፌስታል አምጥቼ ዘረገፍኩላት። አንድ በአንድ አነበበችው። «ንጹሕ ይላል። ይኸም ንጹሕ ይላል። ምንም የለበትም ነው የሚለው! አንተ ውሸታም!» ወረቀቱን በትናና ላዩ ላይ ረግጣ ወጣች።

ሽማግሌዎች ተላኩ። አባባ ተሰማ የሚባሉ አባታችንን የሚያውቁ አዛውንት መሃል ተቀመጡ። «ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ላይ ውደቅ፤ ተናድጄ ነው በል። ሰው ይናደዳል፤ ይቅር ይላል» አሉኝ።

«እወድቃለሁ አባባ። ተናድጄ ነው ግን አልልም፤ አላየሁትም፣ አልሰማሁትም።»

«የታመመ ሰው ባሌስትራ ይቀጠቅጣል?»

«እኔ ቀጠቀጥኩ።»

«እንግዲያው ልብህ ደንድኗል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ያን ቀን የገዛ ቤቴን በር ጉልበቴ እስኪያልቅ በቡጢ መታሁ። ጣቶቼ ደሙ። ትዕግስት በር ላይ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ወይ በደንብ ታከም፣ ወይ ውጣልኝ። ልጆቹ አንተን ሲያዩ አልጋ ሥር እየገቡ ነው» አለችኝ። የምፈራው መሞትን ይመስለኝ ነበር። ለካስ የምፈራው ጋሼ ሆን ብሎ ነው የመታኝ ብሎ እንዳመነ መሞትን ነው። ይህን ለትዕግስት ስነግራት አለቀስኩ።

እጄን ይዛ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ወረፋው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ነው፤ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ወረፋ፣ ከዚያ ሌላ። የደረሰኝ ሐኪም ጎልማሳ ነው። ፌስታሉን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አነበበው! ከሁሉም በፊት ያበረደኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ «ይኼ ሁሉ የተመረመረው ተቀምጠው ነው። እርስዎ የሚታመሙት ሲሠሩ ነው» አለኝ። አንዳንድ ሰው ቫይረሱ ከወጣለትም በኋላ አተነፋፈሱ እንደሚዛባ አስረዳኝ። ሰውነት ገና አላገገመም፤ ትንፋሹም አጭርና ከላይ ከላይ መሆን ይለምዳል። ኪኒን አልጻፈልኝም። ፊዚዮቴራፒ ላከኝ።

ፊዚዮቴራፒ ለተሰበረ ሰው ይመስለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ በሩን ስከፍት ጥግ ላይ ጄሶው የወጣለት፣ ሁለት ጣቶቹ የጎበጡበት ሰው ስፖንጅ እየጨመቀ ነበር። ጋሼ ነው። እግሬ መሬት ላይ ቀረ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የምታክመኝ ሐና የምትባል ልጅ እግር ባለሙያ ናት። ጣቴ ላይ ቆንጠጥ የምታደርግ ትንሽ መሣሪያ አደረገችልኝ፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ ናት። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር አራርቃ አስቀመጠች። «በመሃላቸው ስድስት ደቂቃ እየተመላለሱ ይሄዳሉ፤ በራስዎ እርምጃ» አለችኝ። በራሴ እርምጃ! ጋሼ ክፍት በሆነው በር እያየኝ? እንደ ወታደር ተወረወርኩ። አንደኛው ደቂቃ ደህና ነበር፤ ሁለተኛው ከበደኝ። ሦስተኛው ላይ ጆሮዬ ጭው አለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ግድግዳው ወደ እኔ ሲመጣ ብቻ ነው። ግንባሬን ተፈንክቼ ወለሉ ላይ ነቃሁ።

በመሃል የሆነውን የነገረኝ ጋሼ ነው፤ ከብዙ ቀን በኋላ። ሐና መሣሪያዋ ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ በስሜ ጠርታ «ጋሽ ደረጀ፣ ይቁሙ!» ብላኛለች። ሄድኩ። «ይቁሙ እያልኩ ነው!» ብላ ጮኸች። ሄድኩ። እጄን ልትይዝ ስትሮጥ ግድግዳውን መታሁት። ጋሼ ስፖንጁን ጥሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አይሰማም እንዴ?» አላት።

«በዚህ ሰዓት አይሰሙም። ኦክስጅኑ ሲወርድ ጆሯቸው ይጮህባቸዋል፤ ዓይናቸውም ይጨልማል። እንዴት ቆመው እንደሄዱም አላውቅም» አለችው።

ዓይኔን ስገልጥ ጋሼ ላዬ ላይ ቆሞ የራሱን ቀኝ እጅ ያይ ነበር። ስፖንጁን እንኳ ሳያነሣ ወጣ።

ስለ ሕክምናው ልናገር። ቀላል ነው፤ አበሳጭም ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ረጅም አድርጎ ማውጣት። እጅን ሆድ ላይ አድርጎ ሆድ ሲነሣ መከታተል። ውኃ ባለበት የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በስትሮ ማንቦጫቦጭ። እኔን! በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱን ወርውሬ ግድግዳ አጠብኩበት።

«ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ወናፍ የነፋሁ ሰው ነኝ! አንቺ ነሽ ስለ ትንፋሽ የምታስተምሪኝ?» አልኳት።

ሐና ወለሉን በጨርቅ እየጠረገች «ወናፍ እንዴት ነው የሚነፋው?» አለችኝ።

«ትጫኚዋለሽ፤ ባዶ ሲሆን ትለቂዋለሽ፤ ራሱ ይሞላል።»

«ሳይራገፍ ልሙላው ቢሉትስ?»

«ምን ይይዛል?» አልኩ። ያኔ ገባኝ። ለወራት ሙሉ ስታገል የነበረው ለመሳብ ብቻ ነው፤ በሞላ ደረት ላይ። ማውጣትን ረስቼዋለሁ። አዲስ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

ከዚህ የከበደኝ ሌላው ትእዛዟ ነው፤ ሳይደክሙ ማቆም። ደክሞ ማቆም አይደለም፤ ሳይደክሙ። አንድ ቀን ደህና ነኝ ብዬ ከጳውሎስ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ደርሼም እንጨት ፈለጥኩ። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ሐና «በጥሩው ቀን ነው ራስዎን የሚጎዱት» አለችኝ። አንባቢዬ፣ የኔ ዓይነት ሕመም ካለህ ይችን ብቻ ያዝልኝ። ጉልበት የሚያሳይ ሰው አይድንም።

ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ ስንገናኝ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስፖንጁን እየጨመቀ፣ እኔን ሳያይ፣ «ያን ቀን ጆሮህ ይጮህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቺ ደከመኝ ይላል እንዴ?»

«ደደብ!» ብሎ በደህና እጁ ትከሻዬን መታኝ። የምሩን ነው የመታኝ፤ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ደግሞ መታኝ። «እኔ ወንድሜ ሊገድለኝ ፈለገ ብዬ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?» አለኝ። ሐና ልትገላግል መጣች፤ እኔ ግን በእጄ መለስኳት። ይምታኝ፤ ደስ ብሎኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳያዘኝ ድንጋይ ተሸክሜ ቤቱ ሄድኩ። ስላልነገርኩት ነው ይቅርታ የጠየቅሁት። ጋሼ ድንጋዩን አወረደልኝ። እትዬ አስቴር ግን ከጓዳ አልወጣችም።

ወደ ሰንዳኑ የተመለስነው ከወራት በኋላ ነው። የጋሼ ሁለት ጣቶች አልተቃኑም፤ ትንሿን መዶሻ በሦስት ጣት ይይዛል። ሐና ጥቂት ጥቂት እንድመታ ፈቅዳልኛለች፤ በየምቱ ትንፋሽ እያወጣሁ። እትዬ አስቴር እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ስለ ማቆም ከጋሼ ጋር ምንም አልተነጋገርንም። ብረቱ ከእሳቱ ወጣ። ነካ፤ መታሁ። ነካ፤ መታሁ፤ ትንፋሼን አወጣሁ። ዘጠነኛው ላይ ደረቴ ጠበቅ ማለት ጀመረ። ገና አልደከመኝም። ብረቱ ገና ቀይ ነው፤ ጋሼም ኳ አላደረገም። አሥረኛውን ልመታ እችል ነበር፤ ክንዴም እየተነሣ ነበር።

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «አቁሜአለሁ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። በአባታችን ቤት እንዲህ ያለ መቺ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ማንም አልሣቀም። ብረቱ ከቀይ ወደ ጥቁር ሲሄድ ሁላችንም አየነው። ጋሼ ትንሿን መዶሻ አስቀምጦ መጥረጊያውን አነሣ። የጎበጡት ጣቶቹ ሰንዳኑ ጠርዝ ላይ ደርሰው ቆሙ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጥረግ?» አለኝ።

«ጥረግ ጋሼ።»

እጁን ሰንዳኑ ላይ ሰደደ።